ሚኒሞ ላይ የሚጠፋ ፒክአፕ፦ ከካርቡራተር እስከ ኮምፒዩተር

መግቢያ

ስለ አንድ ዩኒየን ጉዞ በሚነገርበት ጊዜ በአብዛኛው የሚጠቀሱት የአባል ማኅበራት ቁጥር፣ የካፒታል ዕድገት፣ የተሠራጨው ማዳበሪያና ለገበያ የቀረበው ምርት ናቸው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርጥ ዘሩን በሰኔ ጭቃ ቀበሌ ድረስ ያደረሰ፣ ክትባቱን ከነበረዶ ሳጥኑ፣ ኦዲተሩን ከነመዝገቡ የተሸከመ፣ በዓመታዊ ሪፖርት ላይ ግን «ነዳጅና ጥገና» ከሚለው የወጪ መደብ ውጪ ስሙ የማይነሣ አንድ ባለውለታ አለ። እርሱም አሮጌው ፒክአፕ ነው።

ይህ ጽሑፍ የፒክአፑን ታሪክ በአንዲት ብልሽት በኩል ለመመልከት የተዘጋጀ ነው። ብልሽቷ ለሾፌሮቻችን አዲስ አይደለችም። ሞተሩ ይነሣል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይሄዳል፣ እግር ከፔዳሉ ላይ ሲነሣ ግን ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። መካኒኮቻችን «ሚኒሞ አይይዝም» ይሉታል።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም መዘዙ ቀላል አይደለም። ሞተር ሲጠፋ ፍሬንና መሪን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ይደክማል፤ በቁልቁለት ላይ ወይም በገበያ ቀን በሰው መካከል ይህ ቢደርስ አደጋው ግልጽ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል መቆየት ያለበት ክትባት መንገድ ላይ ሲሞቅ ዋጋውን ያጣል። ከጣና የወጣ ቆሮሶና አምባዛም መካኒክ እስኪመጣ አይጠብቅም። ከዚህም በላይ ብልሽቱ በግምት ሲጠገን የአባላት ገንዘብ ላልተበላሸ ዕቃ ይወጣል።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ሚኒሞ ላይ የሚጠፋ መኪና መፍትሔ የሚያገኘው ሞተሩ በየትኛው ዘመን አሠራር እንደተሠራ ለይቶ በቅደም ተከተል በመፈተሽ እንጂ የተጠረጠረውን ዕቃ ሁሉ በመቀየር አይደለም። ለዚህም ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

የጋራዥ ቋንቋችን ከየት መጣ?

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ «ሲድሌይ» የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነበር። ይሁን እንጂ መንገድ ባልነበረበት አገር መኪና ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የጥቂት ባለሀብቶች ዕቃ ሆኖ ቆየ።

የጣና አካባቢ ሕዝብ መኪናን በብዛት ያየው በመልካም አጋጣሚ አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አኪሌ ስታራቼ የተባለው የፋሺስት ሹም በመቶዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች አሰልፎ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ በሚቀጥለው ወርም ባሕር ዳር ተያዘች። ከወራሪው ጦር ጋር መንገድ ሠሪው፣ ሾፌሩና መካኒኩ መጡ። ድል ከተገኘ በኋላም ብዙ ጣሊያናውያን የእጅ ባለሙያዎች በአገራችን ቀርተው ጋራዥ ከፍተው ይሠሩ ነበር፤ ወጣቶቻችንም ሙያውን ከእነርሱ ቀሰሙ።

ለዚህ ማስረጃው እስከ ዛሬ በአፋችን ላይ አለ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ሚኒሞ» ራሱ በጣሊያንኛ «ዝቅተኛው፣ ትንሹ» ማለት ነው፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ሊዞር የሚችልበት ዝቅተኛው ፍጥነት መሆኑን ያመለክታል። በአንጻሩ ሴንሰር፣ ኢንጀክተር፣ ኮምፒዩተር፣ ስካን የሚሉት ቃላት ከእንግሊዝኛ የመጡና በጋራዡ ውስጥ የቅርብ ጊዜ እንግዶች ናቸው። ስለሆነም የአንድ መካኒክ አነጋገር ብቻውን የሁለት ዘመን ዕውቀት በአንድ ሞተር ላይ መገናኘቱን ይነግረናል። የብዙ ብልሽት ፍለጋ ችግርም የሚጀምረው ሁለቱ ዘመናት ሲምታቱ ነው።

የካርቡራተር ዘመንና የአባይ በረሃ

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመና የመንገድ ሥራና ጥገና በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ ገባ። ባሕር ዳርም ከትንሽ የሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ከተማነት ተለወጠች። ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ፤ ከብረታ ብረት፣ ከኤሌክትሪክና ከእንጨት ሥራ ጋር የእርሻ መካኒክነትንም ያስተምር ነበር። የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት እርሱ ነው።

በዚያ ዘመን የነበሩት የቤንዚን መኪኖች ባለ ካርቡራተር ነበሩ። የካርቡራተር ሐሳብ ቀላል ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ሲፈጥን ቤንዚን ከቀዳዳ ስቦ ይዞ ይገባል። ነገር ግን ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዋናው ጉሮሮ ቤንዚን መሳብ አይችልም። በመሆኑም ለሚኒሞ ብቻ የተለየች ቀጭን የቤንዚን መተላለፊያ ተሠራችለት። ከእርሷም ጋር ሁለት ብሎን ነበር፤ አንዱ የአየር ክዳኑ የሚያርፍበትን ደረጃ ይወስናል፣ ሌላው የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ ያስተካክላል። መካኒኩ ካቻቢቴውን ይዞ፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣ ሞተሩ እስኪረጋ ድረስ ያዞር ነበር።

ይህ የጆሮ ጥበብ በአገራችን ከሌላው ዓለም ይልቅ አስፈላጊ ነበር፤ ምክንያቱ ከፍታችን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ባሉት እንደ ደብረ ማርቆስ ባሉ ቦታዎች ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ከፋብሪካ ለቆላ አየር ተስተካክሎ የወጣ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ሳስቶበት ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይወጣዋል፣ ሚኒሞ ላይ ይታፈናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሾፌር ፈተናውን በአንድ ቀን ያየው ነበር። ከጎሐ ጽዮን ከፍታ ተነሥቶ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው የአባይ በረሃ ይወርድና እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። ላይ የተስተካከለ ድብልቅ ታች ልክ አይሆንም። በበረሃው ሙቀት ደግሞ ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ ወደ ተንነት ይለወጥና ፖምፓው መግፋት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ፖምፓውን በረጠበ ጨርቅ ማቀዝቀዝ የታወቀ መፍትሔ ነበር። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን ዕርዳታ የተሠራው አዲሱ የአባይ በረሃ ድልድይ አገልግሎት ሲጀምር የመንገዱ ስጋት ቀነሰ እንጂ የከፍታው ለውጥ ዛሬም እንደነበረ ነው።

የነዳጅ ቀውሱና የአዲሱ አሠራር መስፋፋት

ነዳጅን በቀዳዳ ከማስሳብ ይልቅ በግፊት መርጨት ይሻላል የሚለው ሐሳብ ቀድሞ የሠመረው በናፍጣ ሞተር ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የናፍጣ መርጫ ፖምፓን በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። በቤንዚን መኪና ላይ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ መርጫ በብዛት የወጣው ግን ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ ቦሽ «ዲ-ጄትሮኒክ» ያለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልስዋገን መኪና ላይ ገጠመው።

ለአዲሱ አሠራር መስፋፋት ሁለት ነገሮች ምክንያት ሆኑ። አንደኛው በአሜሪካ የጭስ ብክለትን ለመቀነስ የወጣው ጥብቅ ሕግ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የተከሰተው የዓለም የነዳጅ ቀውስ ነው። ይህ ቀውስ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አልነበረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አድማውም ለአብዮቱ መቀጣጠል ካገዙት ክስተቶች አንዱ ሆነ። ስለሆነም የዓለምን መኪና ሠሪዎች ወደ ኮምፒዩተር የገፋው የነዳጅ ዋጋ በእኛ አገር የመንግሥት ለውጥ ሲያፋጥን ታይቷል ማለት ይቻላል።

ቶዮታ ሂሉክስ የተባለውን ፒክአፕ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ከ1984 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሆኑትን የቤንዚን ሂሉክሶች ባለ ኢንጀክተር አድርጎ ማቅረብ ጀመረ። ወደ እኛ አካባቢ የመጡት ፒክአፖች ብዙዎቹ የናፍጣ ናቸው፤ የቤንዚን ባለ ኢንጀክተሮቹም ግን አሉ። በርከት ያሉት መጀመሪያ የፕሮጀክት፣ የዕርዳታ ድርጅት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነው ካገለገሉ በኋላ በጨረታ ወይም በዝውውር ወደ ማኅበራት እጅ የገቡ ናቸው። መኪናው ሲዛወር የጥገና ታሪኩ አብሮ አለመዛወሩ የብዙ ችግር ምንጭ ሆኗል።

ኮምፒዩተሩ ሚኒሞውን እንዴት ይይዛል?

ባለ ኢንጀክተር የቤንዚን ሞተር ቤንዚንን አይስብም፤ ይለካል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር መለኪያ ይመዝነዋል። የውኃውን ሙቀት አንድ ሴንሰር፣ የአየር ክዳኑን (የስሮትሉን) አቀማመጥ ሌላ ሴንሰር ይናገራል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ሰምቶ ኢንጀክተሩ ለስንት ሺኛ ሴኮንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል። እግር ከፔዳሉ ላይ ሲነሣ ስሮትሉ ይዘጋል፤ ሚኒሞው የሚኖረው በጎን በኩል በተተወች ትንሽ የአየር መተላለፊያ ነው። ያችን መተላለፊያ በቆዩት ሞዴሎች በሙቀት የሚሠራ ቫልቭና ብሎን፣ በኋለኞቹ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሚያዘው ቫልቭ ይቆጣጠራታል። ብዙዎቹ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሮች ሞቀው ሲረጉ በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ዙር ይዞራሉ።

የድሮው ልማድ ስሕተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሚኒሞ ሲወርድ ካቻቢቴ ይዞ የስሮትሉን ማሳረፊያ ብሎን ማጥበቅ በካርቡራተር ዘመን ትክክለኛ ሥራ ነበር። በባለ ኢንጀክተሩ ላይ ግን ብሎኑ ሲጠብቅ ስሮትሉ በትንሹ ተከፍቶ ይቀራል፤ ሴንሰሩም «እግር ከፔዳሉ ተነሥቷል» የሚለውን መልእክት ማስተላለፍ ያቆማል። ሞተሩ ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስላል፤ ዋናው በሽታ ግን ተሸፍኖ ይቆያል፣ ሁለተኛ በሽታም ተጨምሮበታል።

እኛ የልማት ሠራተኞች ይህን ከማሳ እናውቀዋለን። የበቆሎው ቅጠል ቢጫ ስለሆነ ብቻ ዩሪያ አይጨመርም። በፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ አየር አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ሳይጠነፈፍ የተጨመረው ማዳበሪያ ከንቱ ነው። ምልክት ሌላ፣ ምክንያት ሌላ ነው።

የቤንዚን ፒክአፕ ፍተሻ በቅደም ተከተል

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ገንዘብ ከማይጠይቀው ወደሚጠይቀው የሚሄድ ነው። ሥራውን የሚሠራው መካኒክ ቢሆንም የማኅበር ኃላፊዎችና ሾፌሮች ሊያውቁት ይገባል።

1. መጀመሪያ ሾፌሩን መጠየቅ። የሚጠፋው ጧት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ከዝናብ ወይም ከመኪና እጥበት በኋላ ነው? ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ነው? ፍሬን ሲረገጥ ነው? ጧት ብቻ ከሆነ የአየር መተላለፊያው ቫልቭ ወይም የሙቀት ሴንሰሩ ይጠረጠራል። ፍሬን ሲረገጥ ከሆነ የፍሬን ሰርቮው ወይም ቱቦው አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል። ከዝናብ በኋላ ከሆነ የካንዴላ ገመዶች ይታያሉ። ጥሩ ጥያቄ ግማሽ ጥገና ነው።

2. ያልተቆጠረ አየር መፈለግ። የአሮጌ ባለ ኢንጀክተር ትልቁ ጠላት ከመለኪያው በኋላ ሾልኮ የሚገባ አየር ነው። ኮምፒዩተሩ ስለማያውቀው ቤንዚን አይመድብለትም፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይጠፋል። ከአየር መለኪያው እስከ ስሮትሉ ያለው ትልቁ የጎማ ቱቦ በዕድሜና በሙቀት ከሥር በኩል ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጥፋቱ ውስጥ ስለሚደበቅ በእጅ ተጎትቶ መታየት አለበት። ትናንሾቹ የቫኪዩም ቱቦዎችና የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮንም አንድ በአንድ ይፈተሹ። በተጠረጠረው ቦታ ላይ ጥቂት ውኃ ሲረጭ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው ተገኝቷል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን እሳት መጥራት ነውና ፈጽሞ አይደረግም።

አንድ ቀላል ፈተናም አለ። የአየር መለኪያ ባላቸው ብዙ ሞተሮች ላይ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ሚኒሞው መዛባት አለበት፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ያልተቆጠረ አየር ይገባል። ክዳኑ ተከፍቶ ምንም ለውጥ ካልታየ ሌላ ቦታ አስቀድሞ የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለ መጠርጠር ያስፈልጋል። በዚሁ ምክንያት ያልጠበቀ የዘይት ክዳን ወይም በቦታው ያልተቀመጠ የዘይት መለኪያ ዘንግ ብቻውን ሞተሩን ሊያዛባው ይችላል።

3. ማጽዳት። የአየር ማጣሪያው በበጋ አቧራ ይታፈናል። በስሮትሉ ዙሪያና በትንሿ የአየር መተላለፊያ ውስጥ ጥቁር ጥቀርሻ ይከማቻል፤ ሚኒሞው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚኖር በመሆኑ ጥቂት ጥቀርሻ ይበቃዋል። የብዙ መኪኖች ችግር እዚህ ላይ ያልቃል።

4. እሳትና ባትሪ። ካንዴላዎቹ ተፈትተው ይታያሉ፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆኑ ቤንዚን በዝቷል፣ የነጡ ከሆኑ ሳስቷል። ገመዶቹና የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ለስንጥቅ ይታያሉ። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ መብራት ሲበራ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። የባትሪና የሻሲ ማሰሪያዎች ዝገትም አይዘንጋ።

5. ነዳጅ። የቤንዚን ማጣሪያው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ መቀየሩ ተገቢ ነው። ከዚያም የመስመሩ ግፊት በመለኪያ ይታያል። በቆዩት ሂሉክሶች የአየር መለኪያ ውስጥ የቤንዚን ፖምፓውን በሥራ ላይ የምታቆይ ማብሪያ አለች፤ የመለኪያው ክዳን በቆሻሻ ተይዞ በሚኒሞ ትንሽ አየር መከፈት ካቃተው ፖምፓው ይቆማል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ፖምፓው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ተበላሽቷል ተብሎ የሚቀየረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

6. ሴንሰሮችና ኮምፒዩተሩ። የውኃ ሙቀት ሴንሰር በተራ መለኪያ ይፈተናል፤ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ «ቀዝቃዛ ነኝ» የሚል ሴንሰር ቤንዚን አብዝቶ ያፍናል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ያለ ስካን መሣሪያም ኮምፒዩተሩን መጠየቅ ይቻላል። በሞተሩ ክፍል ባለችው የመፈተሻ ሳጥን ውስጥ ሁለቱ የተወሰኑ ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙና ቁልፉ ሲከፈት የሞተር ምልክቱ መብራት በብልጭታ ቁጥር ይናገራል። ሁለት ብልጭታ፣ ቆም፣ ሁለት ብልጭታ ከሆነ 22 ማለት ነው፤ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩን መስመር ያመለክታል። 31 የአየር መለኪያውን፣ 41 የስሮትሉን ሴንሰር ይጠቁማል። ቀዳዳዎቹ ከተሳሳቱ ጉዳት ሊደርስ ስለሚችል የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ቁጥሩም የሚጠቁመው መስመሩን ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የዛገ ማያያዣ ያንኑ ቁጥር ስለሚሰጥ ሴንሰሩን ከመግዛት በፊት ገመዱ ይታይ።

የናፍጣ ፒክአፕ ጉዳይ

የናፍጣ ሞተር ካንዴላም ስሮትልም ስለሌለው ካቆዩት ዓይነቶች ውስጥ በብዙዎቹ ሚኒሞውን የሚጠብቀው በፖምፓው ውስጥ ያለው በፍጥነት የሚከፈቱ ትናንሽ ክብደቶች ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ንጹሕ ናፍጣ፣ አየር ሳይቀላቀልበት ይደርሰዋል ወይ?» የሚለው ነው።

በገጠር ነዳጅ በበርሜልና በጀሪካን ስለሚቀመጥ ውኃና ዝቃጭ ይቀላቀልበታል። በማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመው ውኃ በየጊዜው በማፍሰሻው ይፍሰስ። በእጅ የሚገፋው ትንሽ ፖምፓ ሽፋኑ ሲያረጅ፣ የቱቦ ማሰሪያም ሲላላ ናፍጣ ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል፤ በመስመሩ ላይ ለጊዜው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ቢገጠም አረፋው በዓይን ይታያል። የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ሲደፈን መኪናው ጥቂት ሄዶ ይጠፋል፤ ክዳኑ ሲከፈት አየር የመሳብ ድምፅ ከተሰማ ምክንያቱ ታወቀ። ናፍጣውን የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ሽቦም ላልቶ እንደሆነ ይታይ። ፖምፓና ኖዝል ወደ መሞከሪያ ቤት የሚላኩት ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው፤ የእነርሱ ጥገና ከሁሉ ይልቅ ውድ ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በወጡት አዳዲስ የናፍጣ ሂሉክሶች ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ወደ ናፍጣውም ገብቷል። በእነዚህ ላይ የመስመሩ ግፊት እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ሞተሩ እየሠራ ቱቦ መፍታት ለሕይወት አደገኛ ነው። ለቆሻሻ ናፍጣም ከቀድሞዎቹ ያነሰ ትዕግሥት አላቸው።

ለማኅበራት የሚሆን ትምህርት

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተደራጁና አዋጁ በ985/2009 ከተተካ ወዲህ የማኅበር ንብረት የአባላት የጋራ ሀብት መሆኑ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ፒክአፑም የዚሁ ሀብት አካል ነው። በሌላ በኩል እርሱን በሌላ መተካት እየከበደ መጥቷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በመሆኑም በእጅ ያለውን መኪና ዕድሜ ማራዘም ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ግዴታ እየሆነ ነው።

ለዚህም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለምሳሌ አንድ ማኅበር ሚኒሞ ላይ ለሚጠፋ ፒክአፕ መጀመሪያ ፖምፓ፣ ቀጥሎ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተር ቢገዛና በመጨረሻ የተሰነጠቀው የጎማ ቱቦ ቢገኝ፣ ሦስቱም ደረሰኞች ትክክለኛ ናቸው፤ ኦዲተሩም ስሕተት አያገኝባቸውም። ገንዘቡ ግን ጠፍቷል። ይህን የሚከላከለው ደረሰኝ ሳይሆን መዝገብ ነው።

ስለዚህ በየመኪናው አንድ ደብተር ይኑር። ብልሽቱ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚታይ፣ ምን እንደተፈተሸና ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደተቀየረና በስንት ኪሎ ሜትር ይጻፍበት። የግዥ ጥያቄ ሲቀርብ «በምን ፈተና ተረጋገጠ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ የተፈታው አሮጌ ዕቃም ወደ ንብረት ክፍል ይመለስ። መኪናው ወደ ሌላ ማኅበር ሲዛወር ደብተሩ አብሮ ይዛወር። ሾፌሩም ብልሽት ሲናገር እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ መረጃ ይቆጠርለት፤ ሞተሩን በየቀኑ የሚሰማው እርሱ ነውና። በወረዳ ደረጃ ያሉ ኃላፊዎች ደግሞ ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጋር በመተባበር ለሾፌሮችና ለንብረት ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ቢያመቻቹ ጥቅሙ ለሁሉም ማኅበራት ይሆናል።

መደምደሚያ

ታንኳ በሚቀዘፍበት ጣና ዳር መኪና እንግዳ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ዛሬ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ባለው አዲሱ የባሕር ዳር የአባይ ድልድይ ላይ የሚያልፉት መኪኖች ከአሮጌው የናፍጣ ፒክአፕ እስከ ኤሌክትሪክ መኪና ድረስ ናቸው። የኤሌክትሪኩ መኪና ሚኒሞ የሚባል ነገር የለውም፤ ሲቆም ሞተሩ አብሮ ይቆማል። ምናልባት ልጆቻችን ቃሉን ከነትርጉሙ ይረሱት ይሆናል።

እስከዚያው ግን ዘሩም፣ ክትባቱም፣ ዓሣውም በአሮጌው ፒክአፕ መመላለሱ ይቀጥላል። የካርቡራተር ዘመን መካኒኮች ጆሮ ሰጥቶ መስማትን አስተማሩን፤ የኮምፒዩተሩ ዘመን መለካትን ጨመረበት። ሁለቱንም ይዞ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከማይከፈልበት ወደሚከፈልበት የሚሄድ ማኅበር መኪናውንም የአባላቱንም ገንዘብ ያተርፋል።